ሁለት ሁለት ሰከንድ

እኔ ሰሌዳ ያዥ፣ እሱ መሪ ጨባጭ፣
እኔ ጭቃ ላይ ቋሚ፣ እሱ ነፋስ ቆራጭ፣
ሙልሳን መታጠፊያ፣ ከጥዶቹ ጥግ ሥር፣
ሃያ ሁለት ሰኔ አብረን ያደርን ነበር።

አብረን ስል ለወጉ ነው፤ ቢቆጠር ቢሰላ፣
በዙር ሁለት ሰከንድ፤ የቀረው ለሌላ።
ፍሬኑ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ማርሹ ሲቀንስ፣
ጎማ ጎማ ሸቶኝ ቀና እስክል ድረስ፣
መብራቱን አንዴ ጠቅ፤ «አየሁ» ማለቱ ነው።
እኔም እጄን አነሳለሁ፤ ይየው አይየው ማን ሊያውቅ ነው?

ስሙ ጋኤታን ነው፣ ጋኤታን ሞርቪሊዬ፤
ትውልዱ ላ ሱዝ ነው፤ አባትየው ሆዬ፣
በአሮጌ ካሚዮን ወተት አመላላሽ፣
በውድቅት ተነሺ፣ ሲነጋ ተመላሽ።
በአሥራ ሦስት ዓመቱ መሪውን ሰጠና፣
«ንዳ» አለው፣ «ግን ስማ፣ አደራህን ቀስ በልና፤
ስንደርስ ወተቱን ቅቤ ሆኖ ካየሁት፣
ነጂ መች ወለድኩኝ? ናጭ ነው የወለድኩት!»

ከዚያ ወዲህ በሄደበት፣ በደረቅም በዝናብ፣
ለጎማ የሚሳሳ፣ ለቤንዚን የሚያስብ።
ስፓ ላይ ሦስተኛ፤ ሞንዛ ሞተር ነደደ፤
ኑርቡርግሪንግ በጉም ከአጥር ተዋደደ፤
ሁለት የጎድን አጥንት፣ ደግሞም አንድ ትዳር
(ሶላንዥን ሰለቻት ለብቻ ማደር)
ሰበረ።
ግን አልቆመም። በዓመቱ፣ በሰኔ፣
መብራቱ ብቅ አለ፣ ሰሌዳ ያዝሁ እኔ።

ለፎቶ የሚያምሩት ጅማሬን ይነዳሉ፣
ስፖንሰር ያላቸው ፍጻሜን ይወስዳሉ፤
መሃሉ ሌሊቱ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ፣
ጉም ሲወርድ፣ ዓይን ሲክድ፣ ያ ነው የሱ መንገድ።
ጭር ያለው ሜዳ ላይ ሰካራም ሲያንኮራፋ፣
የቋሊማ ጠባሹ እሳት ሲጠፋ፣
ያን ጊዜ ነው እሱ ስድስት ሰው አልፎ፣
ለጠዋቱ ልጆች አንደኝነት አትርፎ፣
ከመኪናው ወርዶ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ፣
ሾርባ የሚጠጣ፣ ከሰው ፊት ርቆ።

ያሸነፍን ዓመት፣
(አንዴ ነው፤ ሁለተኛ የለውም)
ከቀኑ አሥር ሲል ባንዲራው ወረደ፣
ሻምፓኙ ተረጨ፣ ሕዝቡ አጥር ናደ።
እሱስ? ካራቫን ውስጥ፣ ጫማውን እንዳሰረ፣
አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበረ።
አንዱ ሌላው ቀሰቀሰው ብሎ፣
ሌላው አንዱን ብሎ፣
በፎቶው ላይ ሁለት ሰው ይስቃል፤
ከቀኝ በኩል ቦታ ይበቃል።
እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ጭቃ እንደለበስኩ ገብቼ።
ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ፣ ቆየና ትንሽ፣
«ወተቱ አልተናጠም?» አለኝ።
«አልተናጠም» አልኩት።
ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፣ ተኛ። ተውኩት።

ዛሬ ሬዲዮ አለ፤ ሰሌዳ ያዥ ቀረ።
ጡረታ ወጣን፤ እሱም አርናዥ ኖረ።
ባለፈው መስከረም ከዳቦ ቤቱ ደጅ፣
በደረሰኝ ጀርባ፣ እርሳስ ይዘን በእጅ፣
ሂሳቡን ሠራነው፤ ሺህ ዙር፣ በሁለት ሰከንድ፤ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ።
የሃያ ሁለት ዓመት ወዳጅነት፣ በቃ።
ሠላሳ አራተኛው ሲገባ ሁለታችንም ዝም፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ማናችንም አናውቀውም።

ተነሣ። አንድ ጠርሙስ ወተት ከጎኑ አኖረ፤
በትንሿ ሬኖ፣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ በረረ።
መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ቀልቶ አየሁት፤
ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ መብራቱ አንዴ ጠቅ።
ለኔ ይሁን፣ እጁ ስቶ ይሁን፣ አልጠየቅሁት።
እጄን ግን አነሳሁት።